የፕሮስቴት ጨረር እየወሰዱ ከአዳማ አዲስ አበባ በየቀኑ መመላለስ ይቻላል?

የአዳማው መምህር | ማክሰኞ ማታ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጡረታ የወጣሁ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ ስድሳ አምስትን አልፌአለሁ። አምና ሽንቴ ቆም ቀጠል ሲልብኝ ሴቷ ልጄ እየገፋች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ፒኤስኤ የሚባለው፣ ከፕሮስቴት የሚወጣና በደም ምርመራ የሚለካው ነገር ከፍ ብሎ ተገኘ። ናሙና ተወሰደና የፕሮስቴት ካንሰር ነው ተባልኩ። ደግነቱ አጥንት ውስጥ አልገባም። የሆርሞን መርፌ እየወሰድኩ ወረፋ ስጠብቅ ቆየሁ። አሁን ተራዬ ደረሰ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ወደ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ጨረር ልወስድ ነው።

ቤቴ አዳማ ነው። ወንዱ ልጄ መኪና ስላለው "አባዬ፣ በፍጥነት መንገዱ አመላልስሃለሁ" ይላል። እህቴ ደግሞ "እኔ እያለሁ መንገድ ለመንገድ አትንከራተትም" ብላ ተቆጥታለች። የእሷ ቤት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐኪሙ "እንደሚመችዎ" ብሎ ለኔው ተወው። ያለፋችሁበት ሰዎች ምን ትላላችሁ?

ሁለት ነገር ልጨምር። ሁዳዴ ገብቷል፤ ምን ልብላ? ሌላው፣ የልጅ ልጄ ገና ዳዴ የምትል ናት። ባለቤቴ "ጨረር ይዘህባት እንዳትመጣ" እያለች ነው። እኔ ስቄ ባልፈውም ለእሷ የሚሆን ቁርጥ ያለ መልስ እፈልጋለሁ።

ሾፌር ነበርኩ | ማክሰኞ ማታ

ጋሼ መምህር፣ እግዜር ይማርዎት። እኔ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይሄንኑ ሕክምና አምና ጨርሻለሁ። ፕሮስቴት የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅኩት ሲያመኝ ነው። ዛሬ ሰፈሩን ሁሉ "ተመርመሩ" እያልኩ አስቸግራለሁ።

መጀመሪያ ይመላለሱ፣ መሃል ላይ ሲደርሱ እህትዎ ቤት ይግቡ። ሲጀመር ምንም አይሰማም። በጀርባዎ ይተኛሉ፣ ማሽኑ ዙሪያዎን ይዞራል፣ ጥቂት ይጮኻል፣ "ጨርሰናል አባባ" ይባላሉ። አያምም፣ አያቃጥልም። ጉዱ የሚመጣው ከሁለተኛው ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ነው። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይላል፤ ሲመጣ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ሲሸኑ ይለበልባል። ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳል። ያኔ ያን ሁሉ መንገድ መኪና ውስጥ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው።

ልጅዎ ፍጥነት መንገዱን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ሲሄዱ ይሁን። ሲመለሱ ግን በአሮጌው መንገድ፣ በዱከም በቢሾፍቱ በሞጆ አድርጉ። ከሕክምናው በፊት ውሃ ያስጠጡዎታል፤ ሲጨርሱ ሽንት ቤት ቢገቡም የጠጡት ውሃ ገና በኩላሊት በኩል እየወረደ ነው። በአሮጌው መንገድ ካፌው፣ ማደያው፣ ሆቴሉ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ፍጥነት መንገዱ ላይ ባሰኘዎት ቦታ ጥግ ይዞ መቆም የለም።

መኪናው ውስጥ ባዶ ሃይላንድ አይጥፋ። አፈ ሰፊውን ነው የምልዎት፤ ጠባቡ ጣጣ ነው። ጋቢ ደርበው ከኋላ ወንበር ይቀመጡ። ማንም አያይዎትም። ቢያይስ!

የሳሪስ ሰው | ረቡዕ ጠዋት

በሾፌሩ ምክር አልስማማም። ከመጀመሪያው ቀን አዲስ አበባ ይሁኑ እላለሁ። የምፈራው መንገዱን ሳይሆን ማሽኑን ነው። እኔ በታከምኩበት ቦታ ማሽኑ ሲበላሽ "ጠብቁ፣ እየተሠራ ነው" ይባላል። ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ማታ "ነገ ኑ" የተባልንበት ጊዜ አለ። እኔ ታክሲ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ከሩቅ የመጣው ሰውዬ ግን አልጋ ፍለጋ ሲዞር አመሸ። መኪና ያለው ልጅም ሥራ አለው፤ በየቀኑ እስከ ማታ ሊጠብቅዎት አይችልም። የእህት ቤት እያለ ምን አስጨነቀዎት?

ሲስተር ኤም | ረቡዕ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ካንሰር ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሐኪምዎን ልተካ አልችልም፤ ግን ባለቤትዎ የሚሉትን በሥራዬ ላይ ዘወትር ስለምሰማው ከእሱ ልጀምር።

ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም። መብራቱ ሲጠፋ ክፍሉ ውስጥ ብርሃን አይቀመጥም፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ሕፃኗን ይቀፏት፣ አብረዋት ይተኙ፣ በአንድ ሳህን ይብሉ። ልብስዎ ለብቻ አይታጠብም። ነፍሰ ጡር ሴት አጠገብዎ ብትቀመጥም ምንም አትሆንም። ፕሮስቴት ውስጥ ጨረር የሚረጭ ፍሬ ሲቀበር ነው ጥንቃቄው የሚለየው። የእርስዎ እሱ አይደለም።

ስለ ውሃው ሾፌሩ አልጨረሱትም። አብዛኛው ቦታ "ፊኛ ሙሉ፣ አንጀት ባዶ" ይላል። ፊኛ ሲሞላ ትንሹን አንጀት ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ራሱም ከጨረሩ መንገድ ከፍ ይላል። ፕሮስቴት ደግሞ ልክ ከፊንጢጣ ፊት ለፊት ነው ያለው። እዚያ ሰገራ ወይም አየር ካለ ፕሮስቴቱን ከቦታው ይገፋዋል። ስለዚህ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ይጸዳዱ። የሚጠጡት የውሃ መጠንና ሰዓት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሊትር ገደማ፣ ከሕክምናው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ነው። የነገሩዎትን ይያዙ፤ ዋናው በየቀኑ ያው መሆኑ ነው።

የቀኑን ብዛት ከሰው ጋር አያወዳድሩ። በቀን 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) እየተሰጠ 39 ቀን የሚወስድ አለ። የየቀኑ መጠን ከፍ ብሎ በ20 ወይም በ28 ቀን የሚያልቅ አለ። በአንዳንድ ማሽን በ5 ቀን የሚጨርሱም አሉ። የሚወሰነው በበሽታው ደረጃ፣ በማሽኑና በሐኪሙ ነው።

ሾፌር ነበርኩ | ረቡዕ ማታ

እህቴ ነርሷ፣ እግዜር ይስጥሽ። ውሃው ላይ ግን የአገራችንን ነገር ልጨምር። ቀጠሮው አራት ሰዓት ይሁን እንጂ የምትገባው ስንት ሰዓት እንደሆነ አይታወቅም። በሰዓቱ ጠጥተህ ወረፋው ከዘገየ ጉድህ ነው። ሰው ግድግዳ ተደግፎ እግሩን አጣምሮ ሲቆም ታየዋለህ።

እኔ መላ አበጀሁ። እንደደረስኩ ቴክኒሺያኗን "ልጄ፣ ማሽኑ ደህና ነው? ከፊቴ ስንት ሰው አለ?" እላታለሁ። ለያንዳንዱ ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚሄድ በሁለት በሦስት ቀን ይለመዳል። ውሃዬን በእጄ ይዤ እቀመጣለሁ፤ የማነሳው ከፊቴ ያለው ሰው ቁጥር ሲያንስ ነው። ካልያዘልኝ በግልጽ እነግራታለሁ። "ትንሽ ሸንተው ይምጡና እንደገና ይጠጡ" ትላለች እንጂ አትቆጣም።

የጀጎል ልጅ | ሐሙስ ጠዋት

መምህር፣ አላህ ያሽርዎት። የኔ ወረፋ የደረሰው ረመዳን ላይ ነበር። ውሃ ካልጠጡ አይሆንም ሲሉኝ ኢማማችንን ጠየቅኩ። "የታመመ ያፈጥራል፣ ሲድን ቀዷ ያወጣል" አሉኝ። ቤተሰቡ ሱሁር ሲነሳ እኔም አብሬ እነሳለሁ፤ ለመጾም ሳይሆን ለሽንት ነቅቼ ስለማገኛቸው ነው። እርስዎም የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

ከቤት ርቆ መኖሩ ነው እኔን የከበደኝ። ለብዙ ዓመት የጨረር ሕክምና ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከየክልሉ ሰው ሁሉ ወደዚያ ነበር የሚጎርፈው። አሁን ጅማን የመሰሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ጀምረዋል። ሪፈር ሲጻፍላችሁ "የሚቀርበኝ የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ካላችሁ አዲስ አበባ ብለው ይጽፉላችኋል።

ሲስተር ኤም | ሐሙስ ማታ

የጾሙን ጥያቄ ልመልስ። ችግሩ ሥጋና ወተት መቅረቱ አይደለም። የጾም ምግባችን ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን ነው፤ እነዚህ ሆድ ይነፋሉ። አየሩ ፕሮስቴቱን ያንቀሳቅሰዋል። ኋላ ላይ አንጀት ሲቆጣ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣሉ። ስለዚህ ሩዝ፣ ድንች አልጫ፣ ካሮት፣ ዝኩኒ፣ ፓስታ፣ ነጭ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የአጃ ሾርባ ላይ ያተኩሩ። እንጀራን መተው የለብዎትም፤ ተቅማጥ ከጀመረዎት ግን ይቀንሱ። በርበሬና ሚጥሚጣ፣ ቡና፣ አልኮል ፊኛን ያስቆጣሉ። ቡና አይቅር ካሉ አቦሉን ጠጥተው ይነሱ፤ ቶናና በረካውን ለሌላው ይተዉ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋልን አልመክርም። የሆርሞን መርፌው ራሱ ጡንቻ ይቀንሳል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ድካም ያመጣል። በዚያ ላይ ጨረር ሲጨመር ሰውነት ምግብ ይፈልጋል።

ተስፋዬ በእርሱ | ሐሙስ ማታ

አባቴ፣ ጨረሩን ይተዉት። አጎቴ ጨረር ወስዶ ባሰበት። ጸበል ገብተው ይቀመጡ፤ ጥቁር አዝሙድና ሽፈራው እየጠጡ ይዳናሉ።

ዲያቆን ነኝ | ዓርብ ጠዋት

ወንድሜ ተስፋዬ፣ እኔ ራሴ ጸበል ቦታ አገለግላለሁ። ወደ ጸበል የሚመጣ ሰው መድኃኒቱን ይጣል የሚል ትምህርት የለንም። አባቶቻችን "ሐኪሙንም የፈጠረ እሱ ነው" እያሉ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት ሲሸኙ አያለሁ። መምህር፣ መጠመቁን ቅዳሜና እሁድ ያድርጉት። ብዙ ጸበል ጠጥቶ ማስመለስ ግን በዚህ ወቅት ሰውነትዎን ይጎዳል። ለአባቶች ሕክምና ላይ መሆንዎን ይንገሯቸው።

አወያይ | ዓርብ ጠዋት

"ሕክምናህን ተው" የሚል ምክር እዚህ አይለጠፍም። ዕፀዋትም ሆኑ ቫይታሚኖች የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ። አንዳንዱ ከሕክምናው ጋር አይስማማም።

የአዳማው መምህር | ከአንድ ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጀምሬአለሁ። ሾፌሩ እንዳለው ነው፤ ምንም አይሰማም። ከመጀመሩ በፊት ሲቲ አንስተው ዳሌዬ ላይ ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ነቀሱኝ። በየቀኑ በአንድ ቦታ ለማስተኛት ነው ይላሉ። እናቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት ነበራት። እኔ በስተርጅና ተነቀስኩ ብዬ ለባለቤቴ ብነግራት ሳቀች። ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ለጊዜው እየተመላለስኩ ነው። ልጄ ሲሠራ ሰው ቀጥሬ፣ ሰው ሲጠፋ በሕዝብ ማመላለሻ እስከ ቃሊቲ፣ ከዚያ በባቡር። የገረመኝ ሕክምናው ደቂቃዎች ናቸው፣ ቀኑ ግን ያልቃል።

አሁን አዲስ ነገር መጣ። አሰላ ያለ የአክስቴ ልጅ አረፈ። ቀብሩ ሐሙስ ነው። አንድ ቀን ብቀር ምን ይሆናል?

ሲስተር ኤም | በዚያው ቀን

ነፍስ ይማር። መምህር፣ አይቅሩ። ማሽን ተበላሽቶ፣ በዓል ሆኖ አንድ ቀን ቢያመልጥ መጨረሻ ላይ ይጨመራል፤ ሰማይ አይደፋም። በራስ ፈቃድ መቆራረጥ ግን ጥሩ አይደለም። ጨረሩ ሰውነት ውስጥ ባይቀርም ውጤቱ በየቀኑ እየተደመረ ነው የሚሠራው፤ ጤነኛው ሕዋስ ራሱን ለመጠገን ጊዜ እያገኘ፣ ካንሰሩ ግን እየተዳከመ እንዲሄድ ነው የተቀመረው። ቅዳሜና እሁድ እረፍት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሄደው እሁድ ይመለሱ።

ሾፌር ነበርኩ | በዚያው ቀን

አሰላ ቅርብ ነው። ቅዳሜ ሄደው ይድረሱ፤ ማንም አይቀየምዎትም። ለቅሶ ቤት ግን ድንኳኑ ውስጥ መሃል እንዳይገቡ። ከመውጫው አጠገብ ይቀመጡ። አንዱን የቤት ልጅ ጠርተው "ሽንት ቤቱ በየት ነው?" ብለው ቀድመው ይወቁ። ንፍሮው ይቅርብዎት፤ ባቄላና ሽምብራ ነው። ጠላም ቢቀርብ ይመርቁና ይመልሱ።

እናንተ "መንገድ ስትሄዱ ውሃ አትጠጡ" የምትሉም ተው። አውቶቡስ ላይ ያየሁት ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል። ሽንት ሲወፍር የበለጠ ይለበልባል። ቀን ቀን ጠጡ። ከመኝታ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ አቁሙ።

ነታንያ | በማግስቱ

እኔ እስራኤል ነው ያለሁት። ነርሷ ያነሳችውን የፍሬ ሕክምና ነው የወሰድኩ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር የማይሞሉ ፍሬዎች በመርፌ ፕሮስቴት ውስጥ ይቀበራሉ፣ እዚያው ይቀራሉ። አዮዲን 125 ነው ብለውኛል። በየቀኑ መመላለስ የለም፤ ይሄን ወድጄዋለሁ። በሌላ በኩል ሕፃን ጭን ላይ አስቀምጦ መቆየት፣ ነፍሰ ጡር አጠገብ ረዘም ላለ ጊዜ መቀመጥ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወር አይፈቀድም። የልጅ ልጆቼ ሲመጡ ከማዶ ሶፋ ላይ ሆኜ ነበር የምስማቸው በእጄ። አየር ማረፊያ ላይ አንዳንዱ መሣሪያ ጨረሩን ስለሚለይ ካርድ ሰጥተውኛል። ፓስፖርቴ ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

የአዳማው መምህር | በማግስቱ

ወንድሜ፣ የድሮ ሥራዬን አስታወስከኝ። የአዮዲን 125 ግማሽ ዕድሜ 60 ቀን ገደማ ነው። በየሁለት ወሩ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ዓመት ሲሞላ ከ2 በመቶ በታች ይቀራል። ለልጅ ልጆችህ ሒሳቡን ሥራላቸው፤ ትልልቆቹ ይገባቸዋል።

ስሜ ይቅር | ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሲስተር፣ ማንም የማይጠይቀውን ልጠይቅ። ከባለቤቴ ጋር አብሮ መተኛቱስ? ሐኪሜ ወጣት ሴት ናት፤ አፌ አልከፈት አለ።

ሲስተር ኤም | በዚያው ማታ

ጥሩ አደረጉ መጠየቅዎ። በማሽን ጨረር ላይ ሆኖ ግንኙነት ማድረግ ባለቤትዎን አይጎዳም። ሲወጣ ሊያቃጥል ይችላል፤ ፈሳሹም ይቀንሳል። ልጅ መውለድ የሚታሰብ ከሆነ ግን በሕክምናው ጊዜና ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ወራት መከላከያ ያስፈልጋል። የሆርሞን መርፌ ፍላጎትን ያጠፋዋል፤ ይሄ የርስዎ ስንፍና አይደለም፣ ለባለቤትዎም ይንገሯት። ብዙ ሚስቶች "ሌላ ሴት ይዞ ነው" ብለው ሲሰቃዩ አይቻለሁ። ጨረሩ በብልት መቆም ላይ የሚያመጣው ለውጥ ቀስ ብሎ፣ በወራትና በዓመታት ነው። የሚረዳ ክኒን አለ። ከልብ ሕመም መድኃኒት ውስጥ ናይትሬት የሚባሉትን የሚወስድ ሰው ግን ፈጽሞ አብሮ መውሰድ የለበትም፤ ስለዚህ ከሱቅ ዝም ብሎ አይገዛም። ወጣቷ ሐኪም ይሄን ሰምታ አትደነግጥም። ካፈሩ በወረቀት ጽፈው ይስጧት።

የአዳማው መምህር | ሌላ ሳምንት

እህቴ ቤት ገብቻለሁ። ሾፌሩ የነገረኝ ነገር በተባለው ሰዓት መጣ። ሽንቴ ያቃጥላል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም። በዚያ ላይ የመርፌው ሙቀት ከደረቴ ተነስቶ ፊቴን ያነደዋል። ጋቢውን ወርውሬ እነሳለሁ፣ ወዲያው ይበርደኛል። ኮንዶሚኒየሙ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ እህቴ ሽንት ቤቱ በር ላይ ባልዲና ጣሳ አስቀምጣልኛለች። ሌሊት ባልዲውን እንዳልመታ ብላ ትንሽ መብራት አበራችልኝ።

ደረጃውን ፈርቼ ነበር። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ሆን ብዬ እወርዳለሁ፣ ግቢውን ዞሬ እወጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን አቅም የለኝም። አልጋ ላይ ውዬ ልደር የሚል ነገር ይመጣብኛል።

ከተማ ውስጥ የተቸገርኩት በታክሲ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ከተቀመጥኩ ለመውረድ አራት ሰው ማስነሳት አለብኝ።

የሳሪስ ሰው | በዚያው ቀን

ጋቢና ይግቡ እንጂ ጋሼ! ጋቢና ካልተገኘ በሩ አጠገብ። ሲያጣድፍዎ "ወራጅ!" ብለው ይውረዱ፤ ሌላ ታክሲ ይመጣል። ኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው መንገዶች የሕዝብ ሽንት ቤት ተሠርቷል፤ ዝርዝር ብር በኪስዎ ይኑር። ሌላው ካፌ ነው። ሻይ ሳያዙ ቢገቡ የሚከለክልዎት አስተናጋጅ አላጋጠመኝም፤ ሽበት ይፈራሉ። እኔ ከቤቴ እስከ ሕክምናው ድረስ ያለውን ሽንት ቤት ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር።

ሲስተር ኤም | በዚያው ማታ

መምህር፣ የሚሰማዎት የሚጠበቅ ነው። ዝም ብለው ግን አይቻሉት። በየሳምንቱ ሐኪሙን ሲያገኙ "ደህና ነኝ" ብቻ ብለው አይውጡ፤ የኛ አባቶች ጠባይ ነው ይሄ። ሽንት የሚያቀልና ማቃጠሉን የሚያስታግስ መድኃኒት አለ። ለተቅማጡም አለ። የፊንጢጣ አካባቢ ካመመዎት ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርገው ትንሽ ይቀመጡበት። ሱሪዎ ሰፋ ያለ፣ የውስጥ ልብስዎ ጥጥ ይሁን። ወንዶች ፓድ ማድረግ ያሳፍራቸዋል። ፋርማሲ ውስጥ አለ፤ የአዋቂ ዳይፐርም አለ። ለረጅም መንገድ ይጠቅማል።

ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ትኩሳት ካለ፣ የረጋ ደም ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ድካሙን በተመለከተ የጠዋቱን እርምጃ አይተዉ። የሚመከረው እሱ ነው። ከሰዓት አጭር እንቅልፍ ይተኙ፤ ሲረዝም የሌሊቱን ይወስዳል።

ዳላስ ያለች ልጅ | ከጥቂት ቀን በኋላ

አባቴም ይሄን ሕክምና ሊጨርስ ነው። ግንቦት ላይ የምረቃ ሥነ ሥርዓቴ አለ። እንዳለቀ ወደዚህ ላምጣው?

ሲስተር ኤም | በዚያው ቀን

እንዳለቀ በማግስቱ አይሁን፣ የኔ እህት። ሕመሙ መጨረሻው ሳምንት ላይና ካለቀ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ሳምንታት ነው የሚበረታው። ከዚያ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። አንድ ወር ያህል ብትጠብቂ ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሐኪሙ ይወስን። የማሽን ጨረር አየር ማረፊያ ላይ ምንም አያስጮኽም። ትኬቱን ስትቆርጪ የኮሪደር ወንበር፣ ለሽንት ቤት ቀረብ ያለ ያዢለት። እየተነሳ ይራመድ፤ ካንሰር ያለበት ሰው ለረጅም ሰዓት ሲቀመጥ እግሩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። መድኃኒቱና ቅያሪ ልብሱ በእጅ ሻንጣው ይሁን። የሆርሞን መርፌ የሚወስድ ከሆነ ቀጣዩ ቀን መቼ እንደሆነ እይ። አሜሪካ ላይ ያለ ኢንሹራንስ ያንን መርፌ ማስወጋት በጣም ውድ ነው። እዚያው ተወግቶ ይምጣ። የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀቱንም ይያዝ።

የአዳማው መምህር | ከወር በላይ ቆይቶ

ጨረስኩ! አዳማ ገብቻለሁ። ሽንቴ ገና ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም፣ ግን ሌሊት የምነሳው እያነሰ ነው። አሁን የከበደኝ ጥበቃው ነው። ፒኤስኤ መቼ ነው የምለካው? ጎረቤቴ ፕሮስቴቱ በቀዶ ጥገና ወጥቶለት ወዲያው ዜሮ ገባ። የኔ ካልገባ አልሠራም ማለት ነው?

ሲስተር ኤም | በማግስቱ

እንኳን ደስ አለዎት! የጎረቤትዎ ፕሮስቴት ወጥቷል፤ የእርስዎ እዚያው አለ። ከጨረር በኋላ ፒኤስኤ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ዝቅተኛው ላይ ለመድረስ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። የሆርሞን መርፌ ላይ ስላሉ ለጊዜው በጣም ዝቅ ብሎ ሊያዩት ይችላሉ፤ መርፌው ሲቆም ትንሽ ከፍ ቢል አይደንግጡ። ሐኪሞች ተመለሰ ብለው የሚጠረጥሩት ከዝቅተኛው ቁጥር በ2 ሲጨምር ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ብዙ ጊዜ በሦስት ወር ገደማ ነው። በአንድ ላቦራቶሪ ብቻ ይለኩ፤ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ትንሽ ይለያያል።

ከደብረ ብርሃን | በማግስቱ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔም የሚቀጥለው ሳምንት እጀምራለሁ። መኪና ያለው ልጅ የለኝም፣ አዲስ አበባ ዘመድም የለኝም። 130 ኪሎ ሜትሩን በአውቶቡስ ልመላለስ ነው። ይቻላል?

ሾፌር ነበርኩ | በማግስቱ

ወንድሜ፣ በየቀኑ አውቶቡስ አይሆንህም። መጀመሪያ ትችላለህ፣ መሃል ላይ ትወድቃለህ። ሳትጀምር ሆስፒታሉ ውስጥ ሶሻል ወርከር ካለ ጠይቅ፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ በሽተኛ ማረፊያ የሚያፈላልጉ አሉ። ካልተገኘ እዚያው ወረፋ ላይ ከምታገኘው ሰው ጋር አንድ ክፍል ለሁለት ተከራዩ። በወር ሲያዝ አልጋ ቤት በየቀኑ ከመክፈል ይረክሳል። ክፍሉን ከመያዝህ በፊት ሽንት ቤቱን ግባና እየው፤ ግቢ ተሻግሮ ከሆነ ተወው።

ዓርብ ወደ ቤት ስትመለስ ሕክምናውን ጨርሰህ ወዲያው አትሳፈር። አንድ ሰዓት ቆይ፣ ሁለቴ ሽና። ከፊት ወንበር ያዝ። ረዳቱን ከመነሳታችሁ በፊት ጠርተህ "ልጄ፣ የሕክምና ሰው ነኝ፣ ሸኖ ላይ አስቁምልኝ" በለው። መንገድ ላይ ስትጮኽበት ነው እንጂ ቀድመህ ከነገርከው እምቢ አይልም።